ሳልጠየቅ የተሰጠኝ ቤት

ከአርባ ምንጭ ከተመለስኩ ወዲህ ያገኘኝ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ አዞ ነው። አዞ አላየሁም። ሐይቁን አይቼዋለሁ፤ ግን ንዴት ላይ ያለ ሰው ሐይቅ አይቶ አይደነቅም፣ እኔም አልተደነቅኩም። ይህን የምጽፈው ወደዚያ የመሄድ ዕድል ለማይገጥማችሁ፣ በተለይ ደግሞ ባሎቻችሁ «ከአዲስ አበባ ወጥተን ትንሽ ከተማ እንኑር» ማለት ለጀመሩባችሁ ሴቶች ነው። የአዞ ወሬ የሚፈልግ ሌላ መንገደኛ ይጠይቅ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ተስፋዬ አርባ ምንጭ ላይ በቅርቡ በተከፈተው የውኃ ኮሌጅ አምና መምህር ሆኖ ተመደበ። እኔ ጉለሌ ሒሳብ አስተምራለሁ። ልጃችን ህሊና ስምንት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። ክረምት ገብቶ ከእንጦጦ ብርዱ ሲወርድ ደረቷ ሲጥ ሲጥ ይላል፤ ጋደም ማለት ስለማትችል ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች። ተስፋዬ «ቆላው ያሽላታል» ይላል። እኔ «ቆላው ወባ አለው» እላለሁ። እሱ የትንሿን ከተማ ጸጥታ ሲያወራ እኔ የትልቁን ከተማ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት እያነሳሁ ስንጨቃጨቅ ዓመቱ አለቀ።

ጭቅጭቁን ያከረረው ቤቱ ነው። የምንኖርበትን የቀበሌ ቤት የተከራየሁት ከማግባቴ በፊት ነው፤ የተያዘውም በእኔ ስም ነው። ኮሌጁ ለመምህራን ቤት ይሰጣል፤ ነገር ግን አንድ ቤተሰብ ሁለት የመንግሥት ቤት መያዝ አይፈቀድለትም። የዚያኛውን ቁልፍ ለመቀበል ይሄኛውን ማስረከብ ግድ ነው። አዲስ አበባ ላይ ያስረከቡትን የቀበሌ ቤት መልሶ ማግኘት ደግሞ የማይታሰብ ነው፤ የሞከረ ሰው ዕድሜውን በቀበሌ ደጃፍ ይጨርሳል። ስለዚህ ተስፋዬ «በሐምሌ ትምህርት ሲዘጋ ህሊናን ይዘሽ ነይ፤ አገሩን አይተሽ አብረን እንወስናለን» አለኝ። አብረን የምትለዋ ቃል ይሰመርባት።

ሰኞ

ለመንገድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ስለነበር አርብ ዕለት ቀበሌ ሄጄ ነበር። ሊቀመንበሩ ሲፈርምልኝ ፈገግ ብሎ «አዲሱን ቤት ልታዪ ነው?» አለኝ። «ቤት ሳይሆን አገር ነው የማየው» ብዬ አረምኩት። ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ። ተማሪዎቼ ስሌት ሲዘሉ ወዲያው የምይዝ ሴትዮ የሊቀመንበሩን ፈገግታ ዝም ብዬ አለፍኩት።

አውቶቡስ ተራ ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው። ህሊናን በጋቢ ጠቅልዬ መስኮት ዳር አስቀመጥኳት፤ ከዚያ በኋላ ነው መስኮቱ እንደማይዘጋ ያወቅኩት። ለረዳቱ ብነግረው «ቆላ ነው የምትሄዱት፣ ትፈልጉታላችሁ» አለኝ። ከኋላችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት ግን የልጅቷን ሳል ሲሰሙ ነጠላቸውን አወለቁና ክፍተቱን ጠቀጠቁት። እስከ ዝዋይ ድረስ እሳቸው እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ከተው ተቀመጡ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

በየኬላው ወረድን፣ ወረቀት አሳየን፣ ተፈተሽን። አንዱ ፈታሽ የህሊናን የክኒን ብልቃጥ ከፍቶ አሸተተ፤ ከዚያ አንዷን ክኒን መዳፉ ላይ አድርጎ ወደ ፀሐይ ዘረጋት። «የአስም ነው» አልኩት። «የማን?» አለኝ። ልጅቷ ፊቱ ቆማ እያፏጨች ትተነፍሳለች። አዲስ አበባ ቢያንስ ደንቆሮ ፈታሽ ሲገጥምህ ዞረህ በሌላ መንገድ ትሄዳለህ፤ እዚህ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው።

ሻሸመኔ ምሳ በላን፣ ማምሻውን ሶዶ ገባን። ያደርንበት ሆቴል አልጋው ቁንጫ አለው፣ በሩ አይቆለፍም፣ የመታጠቢያው ውኃ የሚመጣው በባልዲ ነው። ልሳደብ ተዘጋጅቼ ወደ ባለቤቷ ስሄድ ሴትዮዋ በጎድጓዳ ሳህን ትኩስ ውኃ ይዛ ወደ እኛ ስትመጣ አገኘኋት። የባሕር ዛፍ ቅጠል ነክራበታለች። «ሳሉን ከጓዳ ሰማሁት» አለችና ህሊናን ከነጋቢዋ ሸፍና እንፋሎቱን አሳጠነቻት። «የኔም ልጅ እንዲህ ነበረች» አለች።

«ነበረች?» አልኩ ደንግጬ።

«አሁን አግብታ ይርጋለም ናት። ሦስት ወልዳለች፤ አትፍሪ።»

ስለ ቁንጫው ሳልናገር ተኛሁ።

ማክሰኞ

ከሶዶ በታች መንገዱ ፒስታ ነው። አውቶቡሱ ቁልቁል ሲወርድ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ፣ አቧራው በዚያው በማይዘጋው መስኮት ገባ። በግራ በኩል አባያ ታየ፤ ውኃው ቡናማ ነው። አንድ ወጣት «ሐይቁን እዪው» ብሎ ትከሻዬን ነካኝ፣ አየሁትና መልሼ ህሊናን ማየት ጀመርኩ። አልሳለችም። ከጠዋት ጀምሮ አልሳለችም።

ከሰዓት በኋላ ከጋሞ ተራሮች የሚወርድ አንድ ወንዝ ሞልቶ መንገዱን ቆርጦት አገኘነው። ሾፌሩ ወርዶ ፊቱን ታጠበና ጎማው ጥላ ሥር ተኛ። «መቼ ይጎድላል?» ብዬ ብጠይቀው «ሲጎድል» አለኝ። ማዶ ሙዝ የሚያለሙ ገበሬዎች ተሰብስበው ያዩናል። ሁለቱ ሱሪያቸውን ሰብስበው ተሻገሩና «ሳሮ» ብለው ሰላምታ ሰጡን፤ ከዚያ ሕፃናቱንና አሮጊቶቹን እየተሸከሙ ማዶ ወዳለው ዛፍ ጥላ ማሻገር ጀመሩ። አንደኛው ወደ ህሊና ጠቁሞ «ልጁ ይምጣ፣ ውኃ አይወስደውም» አለኝ። ህሊና «ሴት ነኝ» ብላ ተቆጣችና ትከሻው ላይ ወጣች። እኔ በራሴ ልሻገር ብዬ አንድ ጫማዬን ለወንዙ ሰጠሁ። ማዶ አንዲት ሴት ጫማ የሌለውን እግሬን አይታ ሳቀች፣ ከዚያ ከራሷ ጓሮ አንድ ሙሉ ዘለላ ሙዝ ቆርጣ አስታቀፈችኝ። አዲስ አበባ ሙዝ ሆስፒታል ለተኛ ሰው የሚገዛ ነገር ነው። እዚህ ጫማ ለጠፋበት ሰው ይሰጣል።

ውኃው ጎደለ፣ አውቶቡሱ ተሻገረ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ የሚባለው ሰፈር ገባን። ተስፋዬ እጅጌ ጉርድ ሸሚዝ ለብሶ ቆሟል። ወፍሯል፣ ፊቱ ጠቁሯል፣ ደስ ብሎታል። አጠገቡ አስቴር የምትባል ሴት አለች፤ ባሏ ከተስፋዬ ጋር ያስተምራል፣ እሷ የዶርዜ ልጅ ናት። አቅፋ ሳመችኝና እግሬን አይታ የራሷን ነጠላ ጫማ አውልቃ ሰጠችኝ። ከዚያ እየተራመድን እንዲህ አለችኝ፦

«እትዬ ሙሉ፣ ቤታችሁን ትናንት አጥበንላችኋል። መጋረጃውን ካልወደድሽው እንቀይረዋለን። የአዲስ አበባውን ማስረከቡ አላስቸገራችሁም?»

ተስፋዬን አየሁት። እሱ ሻንጣውን አየ።

ከሌሎች መምህራን ጋር በአንድ ክፍል እኖራለሁ ይለኝ የነበረው ሰው በተርታ ከተሠሩት የመምህራን ቤቶች የአንዱን በር ከኪሱ ባወጣው ቁልፍ ከፈተ። አልጋ አለ፣ ለህሊና ትንሽ አልጋ አለ፣ አጎበር ተሰቅሏል፣ አበባ ያለበት መጋረጃ አለ። ጎረቤቶቹ በየተራ እየመጡ «እንኳን ወደ ቤታችሁ መጣችሁ» ይሉናል። አንዱ በመስከረም የማስተምርበትን ትምህርት ቤት ሳይቀር ነገረኝ። ሁሉም ያውቃሉ። እኔ ብቻ እንግዳ ነኝ።

ህሊና እንደተኛች «ለቀበሌው መቼ ነገርክ?» አልኩት።

«በፋሲካ ስመጣ።»

«ምን ብለህ?»

«በነሐሴ መጨረሻ እንለቃለን ብዬ። ኮሌጁ ቁልፉን የሰጠኝ በዚሁ ቃል ነው።»

«በእኔ ስም ያለውን ቤት?»

«ብጠይቅሽ እንቢ ትያለሽ ብዬ ነው፣ ሙሉ። ለልጅቷ ብዬ ነው።»

ልጅቷን እንዳልቀሰቅሳት ጩኸቴን ዋጥኩት። በፋሲካ ከእኔ ጋር ዶሮ በልቶ፣ ከእኔ ጋር ስቆ፣ በመሀል ተነስቶ ቀበሌ ሄዶ ቤቴን ሰጥቶ ተመልሷል። እኔ የመሰለኝ ሲጋራ ሊገዛ የወጣ ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ከተማውን አሳየኝ። ታችኛው ሲቀላ ገበያና አውቶቡስ ነው፤ ላይኛው ሴቻ መሥሪያ ቤትና ቢሮ ነው። መሀላቸው አቀበት ነው፣ የምንወጣው በእግራችን ነው። ተስፋዬ ቤት ሊያከራይ እንደመጣ ደላላ ነበር የሚያወራው፤ እዚህ የዳቦ ወረፋ አጭር ነው፣ እዚህ ዓሣው የዛሬ ነው፣ እዚህ ከሥራ ቤት ለምሳ ይገባል። እውነቱን ነው፤ ያናደደኝም እውነቱን መሆኑ ነው። ቢዋሽ ቀላል ነበር።

ትምህርት ቤቱን አየሁት። መስኮቶቹ መስታወት የላቸውም፣ አንድ ወንበር ላይ አራት ልጅ ይቀመጣል አሉኝ። ርዕሰ መምህሩ በደስታ ተቀበለኝና «የሒሳብ መምህር ከሄደብን ሁለት ዓመት ሆነ፤ ጓድ ተስፋዬ እንደምትመጪ ሲነግረን ጸሎታችን ተሰማ አልን» አለኝ። «ጓድ ተስፋዬ ብዙ ነገር ይናገራል» አልኩት። ሰውየው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ግራ ተጋብቶ ሸኘኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ አንድ ዝንጀሮ ከጫካው ወጥቶ በመስኮት ገብቶ ኖሯል። ጠረጴዛው ላይ ያኖርኩትን ያንን የሙዝ ዘለላ አቅፎ፣ እግረ መንገዱን አበባማውን መጋረጃ ቀዶ ሲወጣ በር ላይ ተገጣጠምን። ዓይን ለዓይን ተያየን። እዚያች ከተማ ውስጥ መጋረጃውን በተመለከተ ከእኔ ጋር የተስማማ እሱ ብቻ ነው።

ህሊና ሳቀች። እየሳቀች ሮጠች፣ ሮጣም አልሳለችም። ተስፋዬ እሷን ሳይሆን እኔን ነበር የሚያየው፤ ማየቴን እያየ ነው። ዞር አልኩበት።

ማታ አስቴር ቤት ዓሣ ጥብስ በላን። ትንሿ ልጇ ግን ማዕድ አልቀረበችም፤ ወባ ይዟት ብርድ ልብስ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። ውጭው ሙቀት ነው፣ ልጅቷ ጥርሷ ይንገጫገጫል። አስቴርና ባሏ ጴንጤዎች ናቸው፤ የጸሎት ቤታቸው ስለታሸገ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በልጅቷ ራስ ላይ ጸለዩ፣ ከዚያ ክኒኗን ሰጧት። «ይህ በየዓመቱ ነው?» አልኩ። አስቴር አልዋሸችኝም። «አንዳንዴ በዓመት ሁለቴ» አለች። ተስፋዬን «ጠዋት ዳቦውንና ዓሣውን ስታሳየኝ ይህንንስ ለምን አላሳየኸኝም?» አልኩት። ዓሣውን አጥንቱን እየለቀመ በላ።

ሐሙስ

አስቴር ወላጆቿን ልታስተዋውቀን ዶርዜ ወሰደችን፤ ልጇን ባሏ ሊጠብቅ ቀረ። የኮሌጁ መኪና ወደ ላይ የሚወጣ ዕቃ ነበረው። መንገዱ እየተጠማዘዘ ሲወጣ ሙቀቱ ከኋላችን ቀረ፣ ጉም ገባ፣ ቀርከሃና እንሰት ሆነ። ብርዱ የጉለሌ ብርድ ነው። ህሊናን ዞሬ ሳላያት ገና በብርዱ ሽታ አወቅኩት፤ ትከሻዋን ወደ ላይ ማንሳት ጀምራለች።

የአስቴር አባት አባባ ዋዳ ሸማኔ ናቸው፤ በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ብዙ ዘመን ሸምነዋል። ጉለሌ ነው የምኖረው ስላቸው «ከወንዙ በላይ ወይስ በታች?» ብለው ጠየቁኝ። ቤታቸው ከቀርከሃ የተጠለፈ፣ ረጅም፣ ከፊት አፍንጫ የመሰለ ነገር ያለው ነው። ውስጡ ከብትም ሰውም ይኖራል፣ መሀል ላይ እሳት ይነዳል፣ ጭሱ የሚወጣው በክዳኑ እየሾለከ ነው። ቆጮና የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አቀረቡልን። ሁለት ጉርሻ ሳልውጥ ህሊና መተንፈስ አቃታት።

አቅፌ ወደ ውጭ ሮጥኩ። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል። ክኒኗን ሰጠኋት፣ ጀርባዋን ደገፍኩ፣ አስቴር ተቀበለችኝና ደረቷን እያሸች «ቀስ በይ የኔ እናት» ማለት ጀመረች። ተስፋዬ ከኋላዬ መጥቶ «ጭሱ ነው እኮ፣ ከተማው ውስጥ እንዲህ አትሆንም» አለኝ። ልጅቷ እየታነቀች እሱ ክርክሩን ይረታል።

ያኔ ከማክሰኞ ጀምሮ የዋጥኩት ሁሉ ወጣ። ሌባ አልኩት። ቤቴን ሰርቀህ፣ አፌን ሰርቀህ፣ ሰው ፊት ተስማምታለች ብለህ እንደ ዕቃ አስጭነህ አመጣኸኝ አልኩት። እሱም ጮኸ፤ አንቺ ከግድግዳ ጋር ተጋብተሽ ልጅሽን በብርድ ትገድያለሽ አለኝ። የመንደሩ ሰው ከየአጥሩ ብቅ አለ። እኔ ግድ አልሰጠኝም፤ ገና መጀመሬ ነበር።

አባባ ዋዳ ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው መጡ። ያን ሁሉ ዕድሜያቸውን ይዘው መሀላችን ተንበረከኩ፣ ሣሩንም በሁለት እጃቸው ዘረጉት። የሚያዩት ሰዎች ሁሉ ዝም አሉ። ተስፋዬም ዝም አለ። እኔ ልቀጥል አፌን ስከፍት አስቴር ክንዴን ያዘችኝ፤ «ሣር ከተያዘ በኋላ አንድ ቃል አይወጣም፣ እትዬ ሙሉ። እኛ ጋ እንዲህ ነው።»

«አልጨረስኩም» አልኩ።

ሽማግሌው እንደተንበረከኩ ቀና ብለው አዩኝ። «አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉኝ። «ነገ ትጨርሻለሽ። ዛሬ ልጅቷ ትተንፍስ።»

ሽማግሌ እግሬ ሥር ተንበርክኮ መጮህ አይቻልም። ዝም አልኩ፤ ግን በዚያ ሣር ምን ያህል እንደተናደድኩ እግዚአብሔር ያውቃል።

መኪናው የሚመለሰው በማግስቱ ስለሆነ ማደራችን ግድ ነበር። የአስቴር እናት አማርኛ አይችሉም፤ ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤቱ ገብተው የሚነደውን እንጨት አንድ በአንድ እያወጡ ደጅ ላይ ቆልለው አጠፉት። በዚያ ብርድ ቤተሰቡ ሁሉ ያለ እሳት አደረ። ለህሊና ሽመና በሚሠራበት ትንሽ ጎጆ ውስጥ ሁለት ቡልኮ አነጠፉላት፣ ሌላ ሁለት ደረቡላት። እሷ ተኛች። ትልቁ ቤት ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች ለእሷ ብለው ሲንቀጠቀጡ እሰማ ነበር።

አርብ

ጠዋት አባባ ዋዳና ሌሎች ሁለት ሽማግሌዎች ከቤቱ ፊት ሣር ላይ አስቀመጡን። ሥርዓቱ ይህ ነው፦ አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም፣ የሚናገረው «ጨርሻለሁ» እስኪል ይጠበቃል። እኔ ብዙ ሰዓት ተናገርኩ። ተስፋዬ ሦስት ጊዜ አፉን ከፍቶ ሦስት ጊዜ ሽማግሌዎቹ አዩት። በአሥር ዓመት ትዳራችን ሳያቋርጠኝ እስከ መጨረሻው የሰማኝ ያን ቀን ነው።

ከዚያ እሱ ተናገረ። ሌሊት ሌሊት የልጅቷን ትንፋሽ እየቆጠረ ማደር እንደሰለቸው፣ እሱ በሌለበት የምትሞት እየመሰለው መምህራን ክፍል ውስጥ እንደሚያለቅስ ተናገረ። ይህን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም። አሳዘነኝ፤ ማሳዘኑ ደግሞ መልሶ አናደደኝ፣ ምክንያቱም ይህን በፋሲካ ቢነግረኝ ኖሮ እዚህ ሣር ላይ ባልተቀመጥን።

አባባ ዋዳ ጎሜ ስለሚሉት ነገር ነገሩን። ሰው በድሎ ሲደብቅ በደሉ ቤት ውስጥ ይቀመጣል፤ ልጅ ይታመማል፣ ላም ትነጥፋለች። መድኃኒቱ ውሸቱን ለሰሙት ሰዎች ሁሉ ሄዶ እውነቱን መናገር ነው። አስም በውሸት እንደማይመጣ አውቃለሁ። አስቴርም በጆሮዬ «እኛ ጎሜን አንቀበልም» አለችኝ፤ ቀጥላ ግን «ይቅርታውን በሰው ፊት ይጠይቅ የሚለውን እንቀበላለን» አለች።

«ይህን ቤት ታያለሽ?» አሉኝ ሽማግሌው። «ከሥሩ ምስጥ ሲበላው የተበላውን እንቆርጣለን፣ ወንዶች ተሰብስበው ቤቱን እንዳለ ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ይወስዱታል። ሁለት ጊዜ አንስተነዋል። ሰዎቹ መጥተው ይቆማሉ፤ ባለቤቴ እሳቷን በገዛ እጇ እስክታወጣ ድረስ ግን ማንም ቀርከሃውን አይነካም። አንድ ጊዜ እስከ ማታ አስቁማናለች።» ወደ ተስፋዬ ዞሩ። «አንተ እሳቱ ሳይወጣ ነው ቤት ያነሳኸው። መልሰህ አስቀምጠው። ከዚያ ጠይቃት።»

ቅዳሜ

ተስፋዬ ያስቀመጠው እንዲህ ነው። ጠዋት ቁልፉን ይዞ የኮሌጁን ቤት ለሚያስተዳድረው ሰው መለሰ። ሰውየው «ቤት የሚጠብቅ ብዙ ነው፤ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ካልጠየቃችሁ ለሌላ እንሰጣለን» አለው። ከዚያ ከመጀመሪያው ቤት ጀምሮ በየደጃፉ እያንኳኳ «ባለቤቴ ተስማምታለች ያልኳችሁ ውሸት ነው። አልጠየቅኳትም» እያለ ሄደ። የምህንድስና መምህር ነው፤ ተማሪዎቹ የሚያልፉበት መንገድ ነው። እኔ አልተከተልኩትም። አስቴር በረንዳዋ ላይ ወንበር አወጣችልኝ፣ ተቀምጬ አየሁት።

አንዱ ወንደላጤ መምህር ሳቀበት። አንዷ ሴት በሩን ሳትዘጋ ባሏን ጠርታ «ስማ» አለችው። በመጨረሻ ሰፈሩን አልፎ ርዕሰ መምህሩ ቤት ሄዶ ብዙ ቆየ፤ የሒሳብ መምህር ያጣ ሰው በቀላሉ አይለቅም። ሲመለስ ሸሚዙ በላብ ርሷል። ከሙቀቱ ብቻ አልነበረም።

ያን ቀን አስቴር ቤት አደርን። ትንሿ ልጇ ተነስታ ኩርኩፋ የሚሉትን የበቆሎ ድብልብል በሽፈራው ቅጠል እየበላች ነበር፤ ከህሊና ጋር ከአንድ ሳህን በሉ።

እሑድ

አባያ ዳር ሄድን። ተስፋዬ ልቡን ሞልቶ ስለ ሐይቁ ጥልቀት ሊያስረዳ ጀመረና ፊቴን አይቶ ተወው። ህሊና ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ወዳሰጡበት ሮጠች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ሮጠች። ጉለሌ በሐምሌ ከአልጋ እስከ በር ለመድረስ የምታርፍ ልጅ ናት።

«ሙሉ» አለኝ። ድምፁ እንደ እንግዳ ሰው ድምፅ ነው። «እዚህ መጥተሽ መኖር ትፈልጊያለሽ?»

በመጨረሻ ተጠየቅኩ። ስሜን ጠርቶ፣ መልሱን ሳያውቅ፣ ፈርቶ ጠየቀኝ። ወዲያው አዎ ወይም አይ ለማለት አልፈለግኩም። እህቴ አዲስ አበባ ናት፣ ተማሪዎቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ ወባ የምትለዋ ቃል አሁንም ታስፈራኛለች። ያ ሁሉ የእኔ ነው፤ የምሰጥም ከሆነ የምሰጠው እኔ ነኝ።

«አስብበታለሁ» አልኩት።

መልሱ

ተስፋዬ ሥራው ላይ ቀርቶ እኔና ህሊና ስንመለስ ሶዶ ያችው ሴትዮ ሆቴል አደርን፤ ቁንጫውም ያው ነው። ወደ አዲስ አበባ ስንቃረብ ዝናቡ ተቀበለን። ህሊና ገና አውቶቡስ ተራ ሳንገባ ትከሻዋን ማንሳት ጀመረች፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ትራስ ተደግፋ ተቀምጣ አደረች። እኔም ትንፋሿን እየቆጠርኩ አደርኩ።

በማግስቱ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ያንኑ ፈገግታውን ፈገግ አለልኝ።

«ባለቤቴ በፋሲካ የነገራችሁን ሰርዙት» አልኩት።

«ልትቆዩ ነው?»

«አይደለም። በነሐሴ መጨረሻ እንለቃለን።»

ሰውየው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «እሱ ያለውም እኮ ይህንኑ ነው፣ ጓድ። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«የቤቱ ተከራይ እኔ ነኝ። ተናግሬ የማላውቀውን እንደተናገርኩ አድርጋችሁ ተቀብላችኋል። አሁን የምናገረው እኔ ነኝ።»

እያጉረመረመ ሰረዘ፤ እያጉረመረመ መልሶ ጻፈ። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወደ ቤቴ ሄጄ፣ ያሳደግኩትን የጌሾ ዛፍ፣ በገዛ እጄ ኖራ የቀባሁትን ግድግዳ እያየሁ ብዙ አለቀስኩ። ንዴቴ አልወጣልኝም። እዚያም ይዤው ነው የምሄደው።

ተስፋዬን ገና አልነገርኩትም። የነሐሴ አጋማሽ ሳይደርስ እነግረዋለሁ። ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ድረስ እሱ እያወቀ እኔ አላውቅም ነበር፤ አሁን ለትንሽ ቀን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም። ይጠብቅ።